አየር የሌላቸው እሽጎች

ሟቹ ከአልጋው ግርጌ በጎኑ ወድቋል። ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ አብጦ ፊቱ የሌላ ሰው መስሏል፤ ገላው ላይ ቁስል የለም። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችውና ቀና አለች። በሬሳ ብዛት ልቧ ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ዓይኗ ግን እንደ ምላጭ ነው።

«መርዝ ነው!» አለች ጓሮ ክፍል የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ የሟቹ ታላቅ እህት። «እናታችን ስትሞት እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ይቺ አንድ ልጅ እንኳ ሳትወልድለት፣ ቤቱን ፈልጋ በላችው!»

ሚስትየው ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አታለቅስም። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶ ነበር። መርማሪዋ በእጇ ከለከለችውና ሚስትየውን ወደ ማድቤት ይዛት ገባች።

«ሲያመው ምን እያደረጋችሁ ነበር?»

ሚስትየው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እኔም ባል አለኝ። አትፈሪ።»

«መብራት አጥፍተን አብረን ተኝተን ነበር» አለች በደረቀ ድምፅ። «አሳከከው። ከዚያ ትንፋሽ አጠረው። ጎረቤት እስክጠራ አለቀ።»

«ኮንዶም ትጠቀሙ ነበር?»

«ሁልጊዜ። እሱ ደሙ ውስጥ ቫይረሱ አለ፤ ሳንጋባ ነው የነገረኝ። እኔ ነፃ ነኝ። እትዬ አያውቁም ነበር። ‹ልጅ፣ ልጅ› እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጡን፣ ባለፈው ሳምንት ነገራቸው።»

መርማሪዋ ከራስጌው መሳቢያ የኮንዶሙን ካርቶን አውጥታ የሰፈሩን ፋርማሲስት አስጠራች። ሰውዬው አንዱን እሽግ አገላብጦ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ካርቶኑ እኔ የሸጥኩለት ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ሟቹ ጥርስ ሐኪም ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ጓንቱ አላስማማው ብሎ ጎማ ጠላቱ ሆነ። ጎማ የሌለበት ኮንዶም እያፈላለግኩ የማመጣለት እኔ ነኝ። ይሄ የጎማ ነው።»

«ጎማ ሰው ይገድላል?»

«እኔንና አንቺን ምንም አያደርገንም። እሱን ግን ያንቀዋል። የምናውቀው እኔና ሚስቱ ብቻ ነን፤ በሽታ በዛብኝ ብሎ ያፍር ነበር።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ መርማሪዋ የጓሮውን ክፍልም ፈተሸች። ከስፌት መኪናው ሥር፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል፣ በወረቀት የተጠቀለሉ እሽጎች አገኘች። አንድ በአንድ በጣቷ ተጫነቻቸው። ያልተነካ እሽግ ውስጡ አየር አለውና ጣት ይገፋል፤ እነዚህ ግን ልፍስፍስ ብለዋል።

እህትየውን፣ ሚስትየውንና ፋርማሲስቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ጎማ የሌለባቸው እነዚህ ናቸው» አለች እሽጎቹን ጠረጴዛው ላይ እየደረደረች። «ሁሉም በመርፌ ተበስተዋል። ገዳይ ኮንዶም አይበሳም፤ የሚበሳው ልጅ የፈለገ ሰው ነው። ደግነቱ ባልና ሚስቱ ገና አልነኳቸውም ነበር። ታዲያ የበሳው ሰው በጤነኛ የተካቸው ለምንድን ነው? በመሃል አንድ ነገር ሰማ። ወንድምዎ ምን እንደነገረዎት ያስታውሳሉ?»

እህትየው ወንበሩን ጨብጣ ቁጭ አለች።

«በሽታውን ነገረኝ። ያን ቀን እህል አልበላሁም። በእኔ ጦስ እሷን ሊይዛት ነው ብዬ ሮጬ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። ጊዜው የሚያበቃበትን ቀን እንኳ አስነብቤ ነው የገዛሁት! ኮንዶም ያው ኮንዶም መስሎኝ...»

ፋርማሲስቱ ወለሉን ያያል።

«የተበሱትን ብተዋቸው ኖሮ ወንድሜ በሕይወት ይኖር ነበር?»

መርማሪዋ መዋሸት አማራት። አልዋሸችም።

«ይኖር ነበር።»

«እሷስ?»

«ምናልባት ይይዛት ነበር።»

«ታዲያ የቱን ነበር መተው የነበረብኝ?»

«መርፌውን» አለች መርማሪዋ።

ሚስትየው ከቆመችበት መጣችና ከእህትየው ጎን ተቀመጠች። ሁለቱም አላለቀሱም።