ስልኩ «እናንተ» ያለ ዕለት

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራው እቤቷ ነው። ማሽኑ መስኮቱ ሥር፣ የእናቷ አልጋ ደግሞ ከማሽኑ ፊት ለፊት ነው። ድሮ ሱቅ ነበራት። እናቷ መንገድ እየጠፋቸው፣ ምድጃ ለኩሰው እየረሱ ሲሄዱ ግን ሱቁን ለቀቀችና ሥራዋን ወደዚህች ክፍል አመጣች። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ካልመጣ በቀር የሚያነጋግራት ሰው የለም።

እናቷ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበሩ። ብዙ ነገር ቢረሱም ክፍላቸውን አልረሱም። ማሽኑ መንጫጫት ሲጀምር ከትራሳቸው ቀና ይላሉ።

«እናንተ! ዝም አትሉም?»

«እሺ፣ ቲቸር» ትላለች ልጃቸው፤ ማሽኑንም ታቆማለች። አንዳንዴ ያስቃታል። አንዳንዴ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ መሆኗ ትዝ ይላትና ሳቁ ይቀራል።

በስልኳ አንድ ማኅበር አገኘች። የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው የሚያስታምሙ ከየአገሩ የሚሰባሰቡበት ነው። መነጋገሪያው እንግሊዝኛ ነው። እሷ በራሷ ቋንቋ ትጽፋለች፣ ስልኩ ይተረጉምላታል፤ የእነሱንም እንዲሁ። ስም አይጠየቅም፤ ከቅጽል ስም አጠገብ የየሰው አገር ባንዲራ ብቻ ይታያል። እሷ «መርፌ» ተባለች። አዘውትሮ የሚመልስላት «የወንዝ ዳር» የሚባል ሰው ነበር። ወንድ ይሁን ሴት አታውቅም። እናቷ ገላቸውን መታጠብ እንቢ ሲሉ፣ «መጀመሪያ ለብ ያለውን ውሃ እጃቸው ላይ ማፍሰስ ነው፤ ይልመዱት» ብሎ የመከራት እሱ ነው። ሠርቶላታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደከማትና፣ «ዛሬስ ብቸኝነቱ ከበደኝ» ብላ ጻፈች።

መጀመሪያ የመለሰላት የማታውቀው ሰው ነበር። ባንዲራዋን አይቶ፣ «እዚያ አገር እኮ ቤተሰብ ሰፊ ነው፤ ዘመዱም ጎረቤቱም ያግዛል። ብቸኝነትን የምናውቀው እኛ ነን» አላት። ወንድም እህት የላትም። ጎረቤቶቿ ሰላም ብለው በራቸውን የሚዘጉ ናቸው። ይህን ግን ከየት ጀምራ ታስረዳ?

ቀጥሎ የወንዝ ዳር ጻፈ። ስልኩ እንዲህ ብሎ ተረጎመው፦ «በዚህ ነገር እናንተ መቼም ብቻችሁን አይደላችሁም።»

እሱም! ደሟ ፈላ። ባንዲራውን አየችው፤ የሀብታም አገር ባንዲራ ነው። ጣቷ ከሐሳቧ ቀደመ።

«እናንተማ ምን ታውቃላችሁ! ወላጆቻችሁን መጦሪያ ቤት ወርውራችሁ በዓመት አንዴ አበባ ይዛችሁ የምትሄዱ!»

የወንዝ ዳር አልመለሰም። በማግሥቱም፣ ከዚያ በኋላም። በአንዱ ስፌትና በሌላው መካከል ስልኳን ታነሣለች፣ ታያለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ቤቱ ከበፊቱ ይበልጥ ጭር አለባት።

በዚያው ሰሞን አንዲት ደንበኛዋ ቀሚስ ልትለካ መጣች። በአንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ናት።

«ምነው ፊትሽ ሁሉ ጠቆረ?» አለቻት ጸሐፊዋ እጆቿን ዘርግታ እንደቆመች።

«ተይኝ እስቲ። እነዚያ ሰዎች ሁሉም አንድ ናቸው።»

«የትኞቹ?»

«የውጭዎቹ ናቸዋ! ከወላጅ ይልቅ ውሻ የሚያስታምሙት።»

«አይ አንቺ! ሁሉንም ዞረሽ አየሻቸው እንዴ? ከማሽንሽ ሥር ተነሥተሽ ሳታውቂ!»

ልብስ ሰፊዋ «‹እናንተ ብቻችሁን አይደላችሁም› ይለኛል» ብላ ስልኩን ሰጠቻት። ጸሐፊዋ ትርጉሙን ትታ የእንግሊዝኛውን አነበበች።

«ቆይ፤ ‹እናንተ› የት አለ?»

«ይኸው! ዓይን የለሽም?»

«እሱ የስልክሽ ነው። በእንግሊዝኛ አንተም፣ አንቺም፣ እናንተም አንድ ቃል ነው። ሰውየው የጻፈው ላንቺ ነው። ብቻሽን አይደለሽም፣ አለሁልሽ ሊልሽ ነው እኮ... ወይኔ ወገቤን!»

«ይቅርታ፣ ይቅርታ፤ ስፒሉ አመለጠኝ።» ልብስ ሰፊዋ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «ያኛውስ? ስለ ሰፊ ቤተሰብ የጻፈው?»

«እሱማ አጥፍቷል። ባንዲራሽን አይቶ ቤትሽን ያወቀ መሰለው። አንቺስ ታዲያ ምን አደረግሽ? ደግሞስ ወላጁን የወረወረ ሰው አስታማሚዎች መሀል ምን ይሠራል? ለመሆኑ ይሄ ሰው የሚያስታምመው ማንን ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ያን ሁሉ ጊዜ ስለ እናቷ ጽፋለች፤ የወንዝ ዳርን ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ጸሐፊዋ ስትሄድ ስልኩን አነሣች። «አንተ» ልበል «አንቺ» ብላ ተጨነቀችና በመጨረሻ «እርስዎ» ብላ ጻፈች። «የተናገሩትን አጣምሜ ተረድቼ ክፉ ቃል ተናገርኩዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎስ ማንን ነው የሚያስታምሙት?» ስልኩ ያን ሁሉ አክብሮት እዚያችው አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ ጠቅልሎ ላከው።

መልሱ በማግሥቱ ጠዋት ደረሰ። «ባለቤቴን ነው። ልጆቻችን ሩቅ ናቸው፤ ስሜን ከጠራኝ ቆየ፤ ቤት ውስጥ የሚሰማው የሰዓቱ ድምፅ ነው። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ዛሬ ብዙዎቻችን ከማናውቀው አገር ሰው ጋር ከጓዳችን ሆነን እናወራለን። ባንዲራ ግን ሰው የት እንዳለ እንጂ እንዴት እንዳለ አይናገርም። ስልኩ መሳሳቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያቺን ቃል ለማመን ልብስ ሰፊዋ ተዘጋጅታ ነበር የጠበቀችው። «እናንተ» ከማለታችን በፊት አንድ ጊዜ ብንጠይቅ ምን ይጎድልብናል?

ልብስ ሰፊዋ መልእክቱን ደጋግማ አነበበችና፣ ባልየው በጤናቸው ጊዜ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቀች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«እናንተ! ዝም አትሉም?»

«እሺ፣ ቲቸር» አለች ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ዝም እንላለን።»