ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ?

ይህ የሆነ ነገር ነው። ከሰው ሰምቼ ያመጣሁት አይደለም... በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ድሮ ቢሆን «ጋሼ ይሙት!» ብዬ እምልላችሁ ነበር። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። ዛሬ ግን በእሱ መማል አልችልም።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተንጣልላለች። ውጭ ሰው ይተላለፋል፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ከጎረቤት ልብስ ሲታጠብ ይሰማል።

እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ይፈራል?

ይፈራል።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳችሁ። ሥራዬ ካልገባችሁ ፍርሃቴም አይገባችሁም።

ኮሌጅ ውስጥ የአንድ የፍልስፍና መምህር ረዳት ነበርኩ። ዶክተር ናቸው፤ የሕክምና ሳይሆን የፍልስፍና። ሰፈር ውስጥ «ከዶክተር ጋር ነው የምሠራው» ስል ጎረቤቶቼ ስለ ወገብ ሕመማቸው ይጠይቁኝ ነበር። አንዷማ «ምን ዓይነት ዶክተር ነው መድኃኒት የማያዝ?» ብላ ተቆጥታኛለች።

«ፈላስፎች ወንበራቸው ላይ ተደላድለው 'ማንም ሰው እንዲህ ብሎ ይመልሳል' ይላሉ» ይሉ ነበር ዶክተሩ። «ማንም ሰው ማነው? ጠይቀውት ያውቃሉ? እኛ ሄደን እንጠይቀው።»

እናም እንጠይቃለን። ከመንገድ፣ ከሱቅ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው እንጋብዛለን። አንድ በአንድ ወደ ጠባቧ ክፍል አስገባቸውና ሻይ ቀድቼ አንዲት አጭር ታሪክ አነብላቸዋለሁ። የፈጠራ ታሪክ ናት። ከዚያ እጠይቃለሁ። የምንፈልገው የሚመስላቸውን ስለሆነ ስህተት የሚባል መልስ የለም።

ከአንዲት ጥያቄ በቀር። መጨረሻ ላይ የምትመጣ፣ ሰውየው ልቡ ከእኛ ጋር መሆኑን የምናውቅባት ጥያቄ አለች። «መፈተሻ» እንላታለን። እሷን የሳተ ሰው አላዳመጠም ማለት ነው። የመለሰው ሁሉ ይጣላል።

ሕጉ ይህ ነው። ለምን ሳተ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ቀን ዶክተሩ «ስለ ማወቅ አንድ ታሪክ ጻፊልኝ» አሉኝ። «ቀላል ይሁን። ከቤት የወጣ።»

ከቤት አወጣሁት። ከራሴው ቤት።

ጋሼ ግንበኛ ነበር። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከፎቅ ወድቆ ከአንገቱ በታች አልታዘዝ አለው፤ አንገቱም ቢሆን አይዞርለትም። ጠዋት አጥቤ፣ አብልቼ፣ አገላብጬ አስተኛውና በሩን ቆልፌ እወጣለሁ። ምሳ ሰዓት ሮጬ መጥቼ አየዋለሁ። ቁልፉ አንድ ነው፤ በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምለው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ታሪኳን እንዲህ ጻፍኳት፦

«አንድ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው አልጋው ላይ ተኝቷል። እህቱ በሩን ቆልፋ ወደ ሥራ ሄደች። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እሷ ዘንድ ነው። ለመሆኑ ወንድሟ ብቻውን እንደሆነ ታውቃለች? ወይስ ታምናለች እንጂ አታውቅም?»

መፈተሻዋ ደግሞ፦ «ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

አንድ። ሕፃን እንኳ አይስታትም ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ደህና ሄደ። ግማሹ «ታውቃለች» ይላል፣ ግማሹ «ታምናለች»። መፈተሻዋን የሳተ አልነበረም።

ከዚያ አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር መጡ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ «ፍሬኑ የት ጋ ነው?» ብለው አሳቁኝ። ታሪኳን ሳነብ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው በጥሞና ነው ያዳመጡት።

«ታምናለች» አሉ። «አታውቅም።»

«ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«ሁለት።»

መልስ ከምመዘግብበት ወረቀት ላይ ቀና አልኩ።

«ይቅርታ አባባ፣ ስንት አሉኝ?»

«ሁለት፣ ልጄ። አንዱ ተኝቷል... አንዱ ተቀምጧል።»

ሻያቸውን ጨልጠው፣ አመስግነውኝ ወጡ።

ዕድሜ ነው ብዬ መልሳቸውን ጣልኩት።

በማግስቱ አንዲት ተማሪ መጣች። ቀልጠፍ ያለች ልጅ ናት፣ ቃል አይጠፋባትም። «ሁለት» አለች። እሷንም ጣልኳት።

ከእሷ በኋላ አንድ የባንክ ሠራተኛ... ሁለት።

ከዚያ አንድ ቀለም ቀቢ... ሁለት።

እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም። አንዱ በአንድ በር ሲገባ ሌላው ገና ቤቱ ነው። እኔ ግን ሥራዬ ነውና እያነበብኩ እጥላለሁ።

ዶክተሩ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ብዙም አልገረማቸውም።

«አጻጻፍሽ ነው» አሉ። «እህትየዋን እየቆጠሩ ይሆናል። አጥብቂው። ቀዳዳ አትተዪላቸው።»

እውነት ነው አልኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ክፍሉ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የለም።»

ከዚህ በኋላ ማን ይሳሳታል?

በዚያ ጠዋት የመጀመሪያዋ እንግዳ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሻዩን አልነካችውም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«ሁለት።»

«እህቴ... አሁን እኮ አነበብኩልሽ። ከእሱ በቀር ማንም የለም ይላል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያስ?»

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ማንም እንደሌለ ያየው ማነው?»

«ምን?»

«ሰውየው ተኝቷል። እህቱ ሄዳለች። በሩ ተቆልፏል። 'ማንም የለም' የሚለን ሰው... የት ሆኖ እያየ ነው?»

ስንት መጽሐፍ አንብቤ፣ ከስንት ፈላስፋ ጋር ተከራክሬ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ተነሳች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ያ የተቀመጠው አለበሰው። ክፉ አይመስልም... እንጃ።»

ታሪኳ ውስጥ ብርድ ልብስ የለም።

ክው አልኩ።

ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቅኩም። ሮጥኩ። ሰው እየገፋሁ፣ ይቅርታ እንኳ ሳልል ሮጥኩ።

በሩ እንደቆለፍኩት ነው። የመስኮቱ ብረት እንዳለ ነው። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ከፈትኩ።

ጋሼ ነቅቷል። ደህና ነው። እንዲያውም ፊቱ ፈካ ብሏል።

ብርድ ልብሱ ግን እስከ አገጩ ድረስ ተስቧል። ጠርዙ ዙሪያውን ከሥሩ ተጠቅጥቋል... ሥርዓት ባለው እጅ። እኔ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ስለሚሞቀው እስከ ደረቱ ብቻ ነው የማለብሰው።

«ጋሼ... ማነው ያለበሰህ?»

ሳቀ። «ጩጬ፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው? አንቺ ነሻ።»

«መቼ?»

«ቅድም። ዛሬ ሳትሄጂ መቅረትሽ ደስ ብሎኛል። ብቻ ምነው አኮረፍሽኝ? ስጠራሽ አትመልሺ። ወንበሩ ሲንቋቋ እሰማለሁ፣ አንቺ ዝም።»

«ወንበሩ...?»

ጠዋት ስወጣ ወንበሩ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ነበር። አሁን ራስጌው ላይ ነው፤ አንገቱ ዞሮ ሊያየው በማይችልበት ቦታ።

አልጋው ሥር አየሁ። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። መጋረጃውን ገለጥኩ።

ማንም የለም... አልኩ ለራሴ። ከዚያ የልብስ ሰፊዋ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ለጋሼ ምንም አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው? ሮጦ አያመልጥ። ደጅ ወጥቼ ዶክተሩ ጋ ደወልኩ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

ሲመልሱልኝ ድምፃቸው የክፍል ውስጥ ድምፅ ነው፣ የማስተማሪያ።

«ተረጋጊ። ነገሩ ያለው አንቺ ላይ ነው። ታሪኩ የራስሽ ነው፤ ስታነቢው ፊትሽ ላይ የሚያዩት ፍርሃት አለ። ጠያቂው የፈራውን ተጠያቂው መልሶ ይሰጠዋል። የሥራችን ትልቁ ሕመም ይህ ነው።»

«ብርድ ልብሱስ?»

«አንቺው አልብሰሽው ረስተሻል። ወንድምሽም ሲያሸልብ አልሟል።»

«ዶክተር፣ እኔ...»

«ነገ ቤት ዋይ። እኔ አነብላቸዋለሁ። ታሪኩ ያው፣ ክፍሉ ያው፣ ሻዩ ያው። የሚቀየረው አንቺ አለመኖርሽ ብቻ ነው። 'አንድ' ካሉ ነገሩ ከአንቺ ነው።»

«'ሁለት' ካሉስ?»

«ያኔ እናወራለን።»

እውነት እላችኋለሁ፣ ልቤ ትንሽ ረጋ። የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ አንድ ነገር ቀይር፣ ሌላውን እንዳለ ተው፣ ምን እንደሚሆን እይ። ከዚህ የተሻለ መላ አልነበረኝም።

በማግስቱ ቤት ዋልኩ።

ወንበሩን ከራስጌው አንስቼ ጋሼ ሊያየኝ በሚችልበት ቦታ፣ ከጎኑ አደረግኩት። አጠብኩት፣ ጢሙን ላጨሁት፣ አበላሁት።

«ዛሬም ቀረሽ? ሊያባርሩሽ ነው» አለኝ።

«እነሱ ይባረሩ!»

ሳቀ። ልጅ ሆኜ እንዴት እንዳስቸገርኩት ያወራ ጀመር። ሲሚንቶ ውስጥ ጫማዬን የቀበርኩበትን ቀን ሲነግረኝ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው።

የሸሚዙን ቁልፍ እየተከልኩ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ዓይኔ መርፌው ላይ ነው፣ ጆሮዬ እሱ ላይ። ረጅም፣ የረጋ ትንፋሽ ነበር። እሱን እየሰማሁ ፍርሃቴ ሁሉ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እንዳይነቃብኝ በሹክሹክታ አነሳሁት።

«ዶክተር?»

«ደስ ይበልሽ!» አሉ። «ጠዋት ግን አስደንግጠውኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። የመጣው ሁሉ 'ሁለት' ይለኛል።»

«ከዚያስ?»

«ከምሳ በኋላ ተስተካከለ! የመጣው ሁሉ አንድ... አንድ... አንድ። እኔ የቀየርኩት ነገር የለም። በራሱ ጊዜ ተስተካከለ።»

ልስቅ ነበር። አፌ ላይ ቀረ።

ጠዋት ክፍሉ ውስጥ እኔና ጋሼ ነበርን። ሁለት። አልተሳሳቱም።

ሹፌሩም አልተሳሳቱም። ተማሪዋም። የጣልናቸው ሁሉ... አንዳቸውም አልተሳሳቱም።

ከምሳ በኋላ ደግሞ አንድ።

እኔ አለሁ። እዚህ ተቀምጫለሁ።

«ጋሼ» አልኩ።

ዝም።

«ጋሼ... ጋሼዬ...»

እጄን ግንባሩ ላይ አደረግኩ። ቀዝቅዟል። አሁን የመጣ ቅዝቃዜ አይደለም፤ ከቆየ የቆየ ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ዓይኑ ትንሽ ተከፍቶ ቀርቷል።

«ሄሎ? እየሰማሽኝ ነው?» ይላሉ ዶክተሩ።

ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም። ግድግዳ ላይ የለጠፍኩ ያህል።

ትንፋሹ ግን... ያ ሲያረጋጋኝ የዋለው ትንፋሽ... አሁንም ይሰማል። ረጅም፣ የረጋ። ከጋሼ አይደለም። ከጋሼ በላይ፣ ከራስጌው በኩል ነው። ወንበር ካነሳሁበት ባዶ ቦታ። ታሪኳ ውስጥ እህትየዋ ሄዳለች፤ ሰዎቹ የቆጠሩት እኔን አልነበረም።

በደንብ ለመስማት የራሴን ትንፋሽ ያዝኩ።

ጥቂት ቀጠለ...

ከዚያ እሱም፣ ልክ እንደ እኔ፣ ትንፋሹን ያዘ።