ሴትዮዋ የማታነበው ገጽ

«ምስል» አለች ሴትዮዋ።

የልጅቷ አጎት ጣቱን በስልኩ መስታወት ላይ አንሸራተተ።

«ምስል። ምስል። ምስል።»

«እቺ ሴትዮ ከዚህ ሌላ ቃል አልተማረችም እንዴ?» አለ። «አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሻላታል።»

ልጅቷ የደብተሯን ጫፍ እየጠቀለለች ሳቀች። ሴትዮዋ የምትኖረው አጎቷ ስልክ ውስጥ ነው። ለማያዩ ሰዎች የተሠራች ድምፅ ናት፤ ጣቱ ያረፈበትን ጽሑፍ ታነብለታለች። መልእክት፣ የአየር ሁኔታ፣ የጨዋታ ውጤት፣ ምንም አይቀራት። እዚህ ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ትደናገራለች። የስፖርት ጋዜጣው የድሮ እትሞቹን ድረ-ገጹ ላይ የጫናቸው ፎቶ እያነሳ ነው። ለሚያይ ሰው ገጹ ከላይ እስከ ታች ፊደል ነው። ለሴትዮዋ ግን አንድ ትልቅ ፎቶ፤ ግድግዳ በለው።

«የሚመጣው ቅዳሜ ትናገራለች፣ ጋሼ» አለችው። «ክበባችን እየሠራው ነው።»

የጠቀለለችውን የደብተር ጫፍ መልሳ ዘረጋችው።

ጋዜጣው የድሮ ገጾቹን ለትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክበብ ሰጥቷል። ሥራው አሰልቺ ነው። ፎቶው ላይ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል መገልበጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ነገር ላይ ምልክት ማድረግ። ይህ ሰው ነው፣ ይህ ሥራው ነው፣ ይህ እሱ የተናገረው ነው እያሉ።

«እስከ ዛሬ ድረ-ገጽ የሚሠራው ለዓይን ነበር» ብላቸው ነበር መምህሯ። «አሁን ግን ማሽንም እንዲገባው ተደርጎ መሠራት አለበት። ምልክት ካላደረጋችሁለት ዳኛውን ከኳሱ አይለይም።»

«እንደ አንዳንድ ዳኞች!» አለ ጥይት ከኋላ። ጥይት ያሉት ሲጽፍ ጣቶቹ ስለማይያዙ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ አልሳቀችም።

አጎቷ ዳኛ ነበር። ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚጠራው «ፊሽካ» ብሎ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ የባቡር ጣቢያው ቡድንና የዱቄት ፋብሪካው ለዋንጫ የተጋጠሙበት ነው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ለዱቄት ፋብሪካው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። የባቡሩን ተከላካይ ኳሱን በእጅህ ነክተሃል ብሎ በቀይ ካርድ አስወጣው። ስታዲየሙ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ፊሽካ አልነፋም። ዓይኑ ቀድሞም ሲደክም ከርሟል፤ በዓመቱ ጨርሶ ጠፋ።

ጋዜጣው በሳምንቱ ሲወጣ ያነበበችለት እሷ ናት። ዐሥር ዓመቷ ነበር። እናቷን አልጠየቃትም፤ እናቷ የወንድሟ ነገር ሲነሳ ታለቅሳለች እንጂ አታነብም። ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። መሃል ላይ ደረሰችና ቆመች። እንዲህ ይል ነበር፦

«ኳሱ የነካው ደረት ነው» ያሉት የመስመር ዳኛው፣ «ዋናው ዳኛ ማየት ከተሳናቸው ቆይቷል። እስከ ዛሬ ስሸፍንላቸው ኖሬአለሁ፤ ከእንግዲህ ግን አልችልም» ብለዋል።

«ምነው ቆምሽ?» አለ አጎቷ። አንገቱን ወደ እሷ አስግጎ ነበር።

ጋዜጣውን ከፊቷ ዝቅ አደረገች። «የመስመር ዳኛው፣ ‹ውሳኔው ትክክል ነበር፤ እኔም ብሆን እነፋ ነበር› ብለዋል» አለችው።

አንገቱን ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ «ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ያን ቀን ከጨዋታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጢሙን ተላጨ። እሷ ጋዜጣውን ወደ ጓሮ ወስዳ ቀዳድዳ ጣለችው።

በሩ ተንኳኳ።

«ፊሽካ! አለህ?»

«የት እሄዳለሁ ብለህ ነው? ግባ። ከበሩ ጋር እንዳትጋጭ ብቻ፤ አንተም ደክመሃል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

የመጣው ያው የመስመር ዳኛው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባንዲራ ሲያውለበልብ ስለኖረ ስሙም ባንዲራ ሆኖ ቀርቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ከአጎቷ ጋር ዳማ ይጫወታል። ሌላ የሚመጣ ሰው የለም። የሚጫወቱት በቆርኪ ነው፤ የአጎቷ ቆርኪ ወደ ላይ የተገለበጠ፣ የባንዲራ የተደፋ፣ አጎቷ በጣቱ ዳብሶ እንዲለየው። ዘዴውን ያመጣው ባንዲራ ነው። ልጅቷ ግን ሰውዬውን በቅጡ ሰላም ብላው አታውቅም። ውሃ ስጪው ስትባል ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ ታስቀምጥለታለች። በጋዜጣ ጉድ ሠርቶ እዚህ ቁጭ ብሎ ይስቃል፣ ትላለች በሆዷ።

«ባንዲራ፣ የሚመጣው ቅዳሜ እንዳትቀር» አለ አጎቷ ቆርኪ እየበላ።

«ምን አለ?»

«አለ አንድ ነገር። ሴትዮዋ ታነብልናለች።»

ሲወጣ በር ድረስ የሸኘችው አጎቷ ስላዘዛት ነው።

«ምንድን ነው የምታነብልን?» ብሎ ጠየቃት።

«ጋዜጣውን። የመጨረሻውን ጨዋታ።»

ሰውዬው ኮፍያውን ሊደፋ ብሎ እጁ አየር ላይ ቀረ። «ያኔ አንቺ አንብበሽለት የለ?»

«አንብቤለታለሁ።»

«ታዲያ ያውቀዋል።» ኮፍያውን በእጁ አዞረ። «ልጄ፣ ጋዜጣው የወጣ ሰሞን እዚህ በር ስንቴ መጥቼ ሳላንኳኳ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን ጨክኜ ገባሁ። አንገቴን ይዞ ያስወጣኛል ስል ‹ቁጭ በል፣ ዳማ ትችላለህ?› አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። እንደሱ ያለ ይቅር ባይ አላየሁም።»

ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ። ልጅቷ በሩን ዘግታ በጀርባዋ ተደገፈችው። አንዱ ተመስክሮልኛል ብሎ፣ ሌላው ይቅር ተብያለሁ ብሎ፣ በየቅዳሜው ዳማ ይጫወታሉ። ሁለቱም የተቀመጡት እሷ በፈጠረችው አንድ መስመር ላይ ነው።

ረቡዕ በክበቡ ክፍል ለእሷ የተሰጣትን የመጨረሻውን ጨዋታ ገጽ ከፈተች። ፎቶውን እያየች ገለበጠች፤ ቀኑን፣ የቡድኖቹን ስም፣ የተመልካቹን ጩኸት። እዚያ ቦታ ስትደርስ ፎቶውን ማየት ተወች። ጣቶቿ መስመሩን ያውቁታል። ማሽኑ ባዶ ሳጥኖች ዘረጋላት። ማን ተናገረ? የመስመር ዳኛው። ስለ ምን? ስለ ውሳኔው። ውሳኔውስ? ትክክል። ሞልታ ላከችው፤ ማንም አልጠረጠረም።

ዓርብ መምህሯ ሥራውን ግድግዳው ላይ አበራችው። «አሁን ገጹን ማንበብ ብቻ አይደለም፤ መጠየቅ ትችላላችሁ» አለች። «ማን ይጀምር?»

አንዱ ብዙ ጎል ያገባውን ጠየቀ። አንዷ ዋንጫ ያነሳውን ቡድን። ማሽኑ ለሁሉም ሳያመነታ መለሰ። ከዚያ ጥይት ተነሣ። ዛሬ ቀልድ አልነበረውም። ቁልፎቹን በዝግታ ነካ፤ እሱ በዝግታ ሲጽፍ ያየ የለም።

«የባቡሩ ተከላካይ ኳሱን በእጁ ነክቷል?»

ሌሎቹ ልጆች ወደ ጥይት ዞሩ። ተከላካዩ አባቱ ነው። ከዚያ ጨዋታ በኋላ ቡድኑ አባርሮታል። መንገድ ላይ «እጄ» እያሉ ይጠሩታል።

«አዎ» አለ ማሽኑ። «የመስመር ዳኛው ውሳኔው ትክክል እንደነበር ተናግረዋል።»

«እጄ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ ተከተለ። አንደኛው ልጅ ስልኩን አውጥቶ መልሱን ፎቶ አነሳ፤ ለሰፈሩ ልጆች ሊልክ።

ጥይት ተመልሶ ተቀመጠ። «አባቴ ደረቴን ነው የነካኝ ይላል» አለ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ጋዜጣው ላይ አለ፣ አንድ ቀን ታየዋለህ ብሎኝ ነበር።»

ልጅቷ ጣቶቿን ከጠረጴዛው በታች ደበቀች። ለአንድ ሰው ሹክ ያለችው ነገር አሁን ለጠየቀ ሁሉ መልስ ሆኗል። ደግሞ ማሽኑ እሷ አለች አይልም። ጋዜጣው አለ ነው የሚለው።

ሁሉም ሲወጡ ቀረች።

«ቲቸር፣ የኔ ገጽ ስህተት አለው።»

«ትንሽ ከሆነ ይለፍ። ዛሬ ማታ ለሰው ይከፈታል።»

«ትንሽ አይደለም።»

መምህሯ ፎቶውንና የተገለበጠውን ጎን ለጎን አድርጋ አነበበች። ደግማ አነበበች። «ይሄ የፊደል ስህተት አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ቁጭ በይና አስተካክዪ። ከዚህ በኋላ ሌላ ገጽ አልሰጥሽም።»

ልጅቷ ቁጭ አለች። አሁን ፎቶውን እያየች ጻፈች። ደረት። ማየት ከተሳናቸው። ስሸፍንላቸው። ሳጥኖቹን እንደገና ሞላች። ውሳኔው? ስህተት።

«ፎቶ አንስቶ የላከውስ?» ብላ ጠየቀች።

«ገጹን አስተካከልሽ። ሰው ስልክ ውስጥ የገባውን ማን ያወጣዋል?» አለች መምህሯ፤ መብራቱን አጠፋች።

ጥይትን ግቢው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። «ማሽኑን ነገ ደግመህ ጠይቀው» አለችው።

«ለምን? እንደገና እንዲሰድበኝ?»

«መልሱን እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

አያት። ቦርሳውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ሄደ።

ቅዳሜ አጎቷ ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቀ። ባንዲራ ሲመጣ ኮፍያውን አላወለቀም፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ሰው። ዳማው ተዘርግቷል፣ ማንም አልጀመረም።

«ሚጢ፣ ያንን ገጽ ክፈቺልን» አለ አጎቷ። ከዚያ ፊቱን ወደ ባንዲራ አዞረ፤ ያረፈው ግን ትንሽ አልፎ ግድግዳው ላይ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ፊት ለፊትህ አመስግኜህ አላውቅም። አንድ ሰው እንኳ ለኔ አልተናገረም፤ አንተ ግን ተናገርክ። ዛሬ አብረን እንስማት ብዬ ነው።»

ባንዲራ ልጅቷን አያት። ምን እንደሆነ ሲገባው ከፊቱ ላይ አየችው፤ ያ ሁሉ ቅዳሜ ከፊቱ ላይ ሲረግፍ። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አትክፈቺው ማለቱ ነው።

ዛሬ አልተከፈተም ማለት ትችላለች። አጎቷ ያምናታል። ሁልጊዜ ያምናታል።

ስልኩን ከአጎቷ እጅ ወሰደች። ገጹ ተከፍቶ ሴትዮዋ «ርዕስ» ስትል ልጅቷ ድምፅዋን አጠፋችው። በርጩማውን ጎትታ ከአጎቷ ጉልበት አጠገብ ተቀመጠች።

«እኔ ላንብብልህ፣ ጋሼ።»

«ሴትዮዋ ታነባለች ተብዬ አልነበር?» አለ እየሳቀ። «ይሁን። ያቺን መስመር ብቻ አንብቢልን።»

«ያቺ መስመር የለችም።»

አጎቷ አንዲት ቆርኪ ይዞ ነበር። ጣቱ ጠርዟ ላይ ቆመ።

«ከላይ ልጀምርልህ» አለችው፤ ከቀኑም ጀመረች።