የሐጂ ቀኝ ጉልበት

ሐጂ ዐብዱረሕማን መስገጃቸው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው፣ በሱጁድ እንዳሉ ሞተው ተገኙ። የአራዳ ሰፈር ሰው ወሬውን ሲሰማ «እንዲህ ያለ ሞት ለኔም!» ያላለ የለም። ሊያጥቧቸው የመጡት ሼህ ግን የሟቹ ከንፈር ተሰንጥቆ፣ ጺማቸው ላይ የትራስ ጥጥ ተጣብቆ ሲያዩ እጃቸውን ሰብስበው ፖሊስ አስጠሩ።

ኢንስፔክተር ምስጢር ገብረ ኪዳን ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ሰማዩ ከመጥቆሩ የተነሳ ቤቱ ገና በጠዋቱ ጨልሟል። ሰውየው ታፍነው መሞታቸውን ለማወቅ አልተቸገረችም፤ ማን አፈናቸው ነው ጭንቁ። የውጭው በር ከውስጥ ተቆልፎ አድሯል። ግቢ ያደሩት ሦስት ናቸው፦ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ሌላ ክፍል የምትተኛው ባለቤታቸው ሐዲጃ፣ ከሞተችው የቀድሞ ሚስታቸው የወለዷት ያስሚን፣ ከኮላ ድባ በእንግድነት የመጣው ታናሽ ወንድማቸው አብዱልመናን።

«ምኑ ያጠያይቃል?» አለ አብዱልመናን፣ ጣቱን ያስሚን ላይ ቀስሮ። «ማታ የጉልበት ክኒን ልስጠው ብላ የገባችው እሷ! መጀመሪያስ ሆስፒታል ወስዳ ወንድሜን ቢላዋ ያስነካችው ማን ሆነና!»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ካቴናውን ሲያወጣ ያስሚን እጇን ዘረጋች። አባቷን ገደለች የተባለች ልጅ ስሟን በምን ታጸዳዋለች ብላ ምስጢር አሰበች።

«ቆይ እስቲ» አለችው ፖሊሱን።

ወደ ሬሳው ተመልሳ ቀኝ እግራቸውን ገለጠች። ጉልበቱ ጥርቅም ብሎ ታጥፏል፤ ገና ያልሻረው የኦፕራሲዮን ቁስል ተተርትሯል። ደም ግን ጠብ አላለም። ግድግዳው ስር አንድ የእንጨት ወንበር ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ሰጥቶ ቆሟል፤ እግሮቹ ያረፉበት ምንጣፍ ጎድጉዷል።

«አያ አብዱልመናን፣ ሐጂ እንዴት ነበር የሚሰግዱት?»

«ምነው፣ እንደ ሰው ነዋ! ሐሙስ ለት ስጠይቀው፣ አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ፣ ሱጁድ እወርዳለሁ ብሎኛል።»

ሐዲጃ ቀና ብላ አየችው።

ምስጢር ጓሮ ወጥታ ኦፕራሲዮኑን ለሠራው ሐኪም ደወለች።

«ከጉልበታቸው ሎሚ ስር ያለው ልስልስ አጥንት ተበልቶ ነበር» አላት። «የተቦጫጨቀውን ጠርጌ አወጣሁ። ሕመሙ ትንሽ ቀለለላቸው እንጂ ጉልበቱስ አልዳነም። ተንበርክከው ሊሰግዱ? በፍጹም!»

ስትመለስ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሯል።

«ሐጂ የሞቱት አልጋቸው ላይ ነው» አለች። «ገዳዩ በትራስ አፈናቸውና፣ ሲሰግዱ ሞቱ እንዲባል መስገጃው ላይ ደፋቸው። ጉልበታቸው እምቢ ሲለው በግድ አጠፈው፤ ቁስሉ ተተረተረ። ደም የሌለው የሞተ ሰው ስለማይደማ ነው። ወይዘሮ ሐዲጃ፣ ያ ወንበር የምንድን ነው?»

«የሶላት። ክፍላቸውን ዘግተው ነው የሚሰግዱት፤ እኔ አቀርብላቸዋለሁ፤ እኔ ከሌለሁ ያስሚን። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ተንበርክከው አያውቁም።»

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብትገድሏቸው ኖሮ ወንበሩ ላይ ነበር የምታስቀምጧቸው። ሱጁድ ይወርዳሉ ብሎ የሚያምን እዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«የፊታችን ሰኞ ይህን ቤት በያስሚን ስም ሊያዞሩት ነበር፤ እሱም ሰምቷል» አለች ሐዲጃ፣ ወደ አብዱልመናን ዞራ። «ሳያዞሩ ከሞቱ ግን በሸሪዓው ለወንድምም ድርሻ ይደርሰዋል።»

የአብዱልመናን ፊት አመድ መሰለ። «ራሱ ነግሮኛል እኮ! ድኛለሁ ብሎኛል! ምን ሊያደርግ ዋሸኝ?»

ያን ጊዜ ያስሚን አፏን ከፈተች።

«ስለ እኔ ነው፣ አጎቴ። ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ ነኝ። አልተሻለኝም ቢልህ እኔን ትሰድበኝ የለ? አባዬ እንዳልሰደብ ብሎ ነው የዋሸህ።»

ካቴናው አብዱልመናን እጅ ላይ ገባ። ፖሊሶቹ ሬሳውን ለምርመራ ሊወስዱ ሲያነሱ ያስሚን ድንገት ዘላ ተነሳች።

«ቀስ በሉ እንጂ!» ብላ ጮኸች። «ቀኙን ያመዋል!»