ማታ ጨርቅ ብቻ ነበር

ወይንሸት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ስትደርስ የሻሽወርቅ ከስፌት መኪናዋ ሥር በደረቷ እንደተደፋች ነበረች። ከጎኗ የከሰል ካውያ ወድቋል፤ ከማጅራቷ የወረደው ደም መሬት ላይ የተበተነውን እራፊ አርሶታል። ግድግዳው ላይ ከአሮጌ ሸሚዝ የተሰፋ የትራስ ልብስ፣ ከጂንስ እግር የተቆረጠ ቦርሳ፣ ከቀሚስ ጫፍ የወጣች የሕፃን ቁምጣ ተሰቅለዋል። ሰው የጣለውን ጨርቅ ሁሉ ለወግ የምታበቃ፣ ይህንኑ ሙያ ለሰፈሩ ሴቶች በነጻ የምታስተምር ሴት ነበረች። ጠላት አላት ብሎ ማን ይጠረጥራል?

መጠርጠር ግን የወይንሸት ሥራ ነው። ጎንደር ሳለች ዐሥር ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። አሁን በስደት አርካዊት ሰፈር ትኖራለች፤ ሐበሻ የነካው ጉዳይ ሲገጥማቸው ፖሊሶቹ ለአስተርጓሚነት ይጠሯታል። የሚከፍሏት ለምላሷ ነው፤ ዐይኗን በነጻ ያገኙታል።

«ኸላስ፣ ነገሩ አልቋል» አላት ሙላዚሙ፣ የፖሊሶቹ አለቃ፣ በዐረብኛ። «ልጅቷ ናት። ሰው ሊያሰፋው የሰጠው ኮት ከቦርሳዋ ወጥቷል። ከመግሪብ በፊት ወደ ጣቢያ እወስዳታለሁ።»

ፖሊስ በየትም አገር ነገር ቶሎ ሲያልቅለት ደስ ይለዋል።

ልጅቷ ሁስና ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት። አል-ማንሺያ ሰፈር በሰው ቤት ትሠራለች፤ ሐሙስ ማታ እየመጣች የዓርብ ዕረፍቷን የሻሽወርቅ ዘንድ ስፌት ስትማር ታሳልፋለች፤ ዛሬም ዓርብ ነው። ፓስፖርቷ ጠፍቷል ከተባለች አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷን ሳታይም አራት ዓመቷ ነው። ወረቀት የሌላት ልጅ በነፍስ ግድያ አንዴ ከገባች ማን ይጠይቅላታል? ወይንሸት ከልጅቷ ፊት ተቀመጠች።

«ኮቱን ለምን ወሰድሽ?» አለቻት።

«ኮት አላየሁም፣ እትዬ። ወላሂ! ማታ ጨርቅ ብቻ ነበር።»

ሙላዚሙ ሲተረጎምለት ሳቀ። ኮቱ ከገዛ ቦርሳዋ ወጥቶ፣ አላየሁም!

«ዛሬስ የት ዋልሽ?»

«ሱብሒ ሰግጄ አል-ማንሺያ ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ፤ ቦርሳዬን እዚሁ ትቼ። እትዬ የሻሽ መኪናቸው ላይ ነበሩ። ‹ቶሎ ተመለሽ፣ የሚያስደስትሽ ነገር አለኝ› አሉኝ። ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት አልፎ ስመለስ…» ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ወይንሸት ኮቱን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። ቡናማ፣ የሱፍ፣ የወንድ ኮት ነው። የደረት ኪሱ በቀኝ በኩል ነው። በቀኙ ጠርዝ ላይ የቁልፍ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ በደቃቅ የእጅ ስፌት ተደፍነዋል። በስፌቱ ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ ኮቱን አጣጥፋ ወደ ፖሊሱ ከረጢት መለሰችና ማንም እንዳያወጣው አደራ አለች።

የኮቱ ባለቤት የሟች ጎረቤት የረሺዳ ባል ነው። ረሺዳ ዐይኗ በልቅሶ አብጦ መጣች።

«በዚህ ሐሩር ኮት ለምኑ ነው?» አለቻት ወይንሸት።

«በወሩ መጨረሻ አገሩ ሊገባ ነው፣ ኢንሻአላህ። የደሴ ብርድ ታውቂው የለ! ፀሐይ አንጥቶት ነበርና ሰኞ ለየሻሽ ሰጠኋት።»

«ስትሰጫት ኪሱ በየት በኩል ነበር?»

ረሺዳ በኀዘኗ መሐል ግራ ገባት። «በግራ ነዋ! ወንድ ኪሱን ልቡ ላይ አይደል የሚያደርገው?»

«ሐሙስ ማታስ እዚህ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። ከየሻሽ ጋር በካውያ ስንተኩስ አመሸን።»

በዚህ መሐል ነቢዩ ከሚስቱ ከገሊላ ጋር ገባ። ነቢዩ ደላላ ነው፤ ሠራተኛ ለሚፈልጉ ቤቶች ልጆች ያስቀጥራል፤ ሁስናንም ያስቀጠራት እሱ ነው። አፈ ቅቤ ነው፤ ኀዘኑን እንኳን አሳምሮ ነው የሚናገረው።

«ነፍሷን ይማር። ግን እውነት መደበቅ የለበትም» አለ። «ሐሙስ ማታ በዚህ በር ሳልፍ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ይቺ ልጅ ኮት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ነበር።»

«ምን ዓይነት ኮት፣ አቶ ነቢዩ?»

«ቡናማ። የደረት ኪሱ በቀኝ የሆነ። እንዲያ ያለ ብዙ ስለማይታይ ልብ ብዬዋለሁ።»

«ዛሬስ ወደዚህ ብቅ ብለው ነበር?»

«ዛሬ? ኦምዱርማን ነው የዋልኩት። ሚስቴ ትመስክር።»

«እንደዚያ ብሎኛል» አለች ገሊላ፣ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

ሙላዚሙ የተተረጎመለትን ሰምቶ ጭኑን መታ። ከረጢቱ ነቢዩ ከመጣ ወዲህ አልተከፈተም፤ ሰውየው ግን ኮቱን እስከ ኪሱ ነገራቸው። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ሁለት ፖሊሶች ሁስናን ብብቷን ይዘው አስነሧት። ልጅቷ መጮህ ጀመረች። ወይንሸት ይህን የንጹሕ ሰው ጩኸት ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ፣ ጎንደር፣ ዘግይታ ሰምታዋለች። ዛሬ ልትዘገይ አልፈለገችም።

«ዐሥር ደቂቃ ስጠኝ፣ ሙላዚም» አለች። «ሁሉም ግቢው ውስጥ ይቀመጡ።»

«ዐሥር ብቻ።»

ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከጭቃው አጥር በላይ አንድ ክንድ ቀርቷታል። ወይንሸት ኮቱን ከከረጢቱ አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችውና አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በዐረብኛ ተናገረች።

«አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ድሃ ኮቱ ሲነጣ አይጥለውም፤ ያስገለብጠዋል። ያረጀው ፊት ወደ ውስጥ፣ ፀሐይ ያላየው ወደ ውጭ ይሆናል። ግን ኮት ሲገለበጥ ግራው ወደ ቀኝ ይሻገራል። ጨርቁ ተቀዶ የተሠራ ኪስ ደግሞ ተመልሶ አይዘጋም፤ አብሮ ይሻገራል። የቁልፍ ቀዳዳዎቹም እንዲሁ፤ የሻሽወርቅ በቀኝ የመጡባትን ደፍና በግራ አዲስ ከፍታለች። ረሺዳ ኪሱ በግራ ነበር አለችን፤ እውነቷን ነው። አቶ ነቢዩ በቀኝ ነው አሉን፤ እሳቸውም እውነታቸውን ነው። እሷ ያየችው ከመገልበጡ በፊት ነው፣ እሳቸው ከተገለበጠ በኋላ። ጥያቄው መቼ ተገለበጠ ነው።»

ነቢዩ ፈገግ አለ። «ይሄ የሴቶች ጨዋታ ነው።»

«ነው» አለች ወይንሸት። «ኮት እንደ ካልሲ አይገለበጥም። ስፌቱ በሙሉ ይተረተራል፤ እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ገበሩ ለየብቻ ይወጣል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ይገጠማል። ረሺዳ፣ ሐሙስ ማታ ስትተኩሱ ያመሻችሁት ምንድን ነው?»

«የኮቱን ቁርጥራጭ ነዋ!» ረሺዳ ብድግ አለች። «አልጋው ላይ ዘርግተን! እጅጌው ብቻ አራት ቦታ ነበር። ዛሬ ከሱብሒ ጀምሮ ነው መኪናዋ ሲንኳኳ የሰማሁት። ጁምዓ ሲሰገድ ዝም አለ፤ ጨረሰች ብዬ ደስ አለኝ እንጂ…»

«ስለዚህ ሐሙስ ማታ ኮት የሚባል ነገር እዚህ ቤት አልነበረም» አለች ወይንሸት። «ሁስና ነግራን ነበር። ማታ ጨርቅ ብቻ ነበር አለች፤ እኛ ክህደት መሰለን። ኪሱ በቀኝ የሆነ ኮት የተፈጠረው ዛሬ ነው፤ ወንዶቹ ሁሉ መስጊድ ሆነው መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር።» ወደ ነቢዩ ዞረች፤ አንቱታውም እዚያ ላይ አበቃ። «አንተ በዚያ ሰዓት እዚህ ነበርክ። ከሚስማሩ አውርደህ የልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ከተትከው። ራስህን ከዓርብ ለማራቅ ስትል ሐሙስ አየሁ አልክ። ኪሱን ባትጠራ ኖሮ አምንህ ነበር፤ ውሸታም ግን ማስረጃ ሲያበዛ ነው የሚያዘው።»

«ተሳስቼ ይሆናል… ዛሬ ጠዋት አልፌ ይሆናል…»

«ኦምዱርማን ነበርኩ አላልክም?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ነቢዩ በሩን በዐይኑ ፈለገ።

«አንድ የቀረኝ ነገር ለምን የሚለው ነው» አለች ወይንሸት ዝግ ብላ። «የሻሽወርቅ ለዚህች ልጅ የሚያስደስትሽ ነገር አለኝ ብላታለች። ፓስፖርቷ ጠፍቶ አገሯ መግባት ያቃታት ልጅ በምን ትደሰታለች? ያን ፓስፖርት ሲያስቀጥራት የተቀበላትስ ማን ነበር?»

ከዚያ ገሊላ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተነሣች።

«ጀዋዙ፣ ያ ፓስፖርት፣ አልጠፋም» አለች። «የእሷም፣ የሌሎቹም ልጆች፣ ከአልጋችን ሥር ሻንጣ ውስጥ ነው። ከሥራ እንዳይሄዱበት ብሎ ነው የደበቀው። ሕሊናዬ እንቢ ቢለኝ ለእትዬ የሻሽ ነገርኳቸው። ‹ዓርብ እጠራዋለሁ፤ ይዞ ካልመጣ ኤምባሲ እሄዳለሁ› አሉኝ። አምላኬ! እሳቸውን ያስገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ አንቺ!» ነቢዩ ተወርውሮ ተነሣ። ፖሊሶቹ ሁስናን ትተው እሱን ያዙት።

ወይንሸት ነገሩን ከተረጎመችላቸው በኋላ ገሊላ ከአንድ ፖሊስ ጋር ሄዳ ሻንጣውን ይዛ መጣች። ሙላዚሙ ዐሥራ አንድ ፓስፖርቶች ቆጠረ፤ አንዱን ገልጦ ፎቶውንና ልጅቷን አስተያየና ሰጣት። «ያላ፣ ነጻ ነሽ» አላት። የምሥራች መናገር ያልለመደ ሰው ስለሆነ ወዲያው ፊቱን አዞረ።

ሁስና ፓስፖርቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። የናፈቀችው አገር፣ የእናቷ ቤት፣ አራት ዓመት ሙሉ ያለቀሰችለት ነገር እጇ ገባ። ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። ሬሳው በቃሬዛ ሲወጣ እስከ በሩ ድረስ በዐይኗ ሸኘችው።

«እትዬ ወይንሸት» አለች። «ለእኔ ብለው ነው የሞቱት፣ አይደል?»

ወይንሸት ከመጣች ጀምሮ የሰው ውሸት ስትለቅም ነው ያሳለፈችው። አሁን የራሷን አንድ ውሸት ፈለገች፤ ልጅቷን የሚያሳርፍ፣ ትንሽ ውሸት። አላገኘችም።

«አዎ፣ ልጄ» አለቻትና አቅፋት አብራት አለቀሰች።