ከነቀለሟ

ይህ ነገር ሆኗል። እዚሁ ዓይኔ ሥር ነው የሆነው።

የማያምን ይለፈኝ። ለማሳመን ጊዜ የለኝም፤ የልብስ ማጠቢያው እስኪያቆም ነው የምጽፈው።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ የምሳ ሰዓት... ፀሐይ መስኮቱን ሞልታዋለች፣ ከታች መንገዱ ላይ ሰው ይስቃል።

አስፈሪ ነገር ጨለማ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

አይጠብቅም።

የምሠራው የልጆች መጻሕፍት የሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። አራሚ ነኝ። ሰው የጻፈውን አነባለሁ፣ የተሳሳተውን አስተካክላለሁ፣ ለዲዛይነሩ አስረክባለሁ። ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን። አለቃችን ብቻ ጥግ ላይ በመስታወት የተከለለች ክፍል አለችው።

ከኋላው "ጋሽ መቼ" እንለዋለን። ሰላምታውም ስንብቱም አንድ ነው፦ "መቼ ያልቃል?"

ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ነው። አክብሮቴን ቢሮ ትቼው መጥቻለሁ።

ከጎኔ ትቀመጥ የነበረችው ቅጠል ናት። እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ዲዛይነሩ ነው ያወጣላት። ነጭ ላይ ጥቁር ፊደል ዓይኗን ስለሚወጋት ሁሉንም ነገር በአረንጓዴ ትጽፍ ነበር። ጀርባው ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ፊደሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። ስክሪኗን ከሩቅ ስታዩት የአትክልት መደብ ይመስላል።

ቅጠል ትስል ነበር።

እህ... እህ።

ሁልጊዜ ሁለቴ። መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሰው እንዳትረብሽ ጎንበስ ብላ።

ጋሽ መቼን ልታከም ፈቃድ ስጠኝ አለችው። የምትጽፊው መጽሐፍ መቼ ያልቃል አላት። ሲያልቅ ትሄጃለሽ አላት።

አለቀ።

እሷም አለቀች።

መጽሐፉ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለልጅ ያስረዳል። የሚፈላ ውሃ ክዳኑን ለምን ያንኳኳዋል። በረዶ ለምን ይንሳፈፋል። የብርድ ቀን መስኮቱ ለምን ያልበዋል። ሁሉም ምዕራፍ በአንድ ቃል ነው የሚጀምረው፦ "አየሽ..."

ለልጇ ነበር የጻፈችው። ልጅቷ ጥያቄ የማያልቅባት ዓይነት ናት። ከትምህርት ቤት ስትመጣ የጫማዋ ማሰሪያ ሁሌ ተፈቶ ነው፤ ቅጠል ተንበርክካ ታስርላታለች። ሁለቴ ቋጥራ፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ከትታ፣ በአውራ ጣቷ መታ ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ ነው ልጅቷ የምትንቀሳቀሰው።

የቀብሩ ሰሞን ገና ሳያልፍ ጋሽ መቼ አዲስ ዶክመንት ከፈተ። ኦንላይን ነው፤ ሁላችንም በየኮምፒውተራችን አንድ ላይ እናየዋለን። አናቱ ላይ የመጽሐፉን ርዕስ ጻፈ። ከሥሩ "ደራሲ" አለና...

የራሱን ስም።

ከእሷ ዶክመንት እየቀዳሽ እዚህ አምጪ አለኝ። "አየሽ" የሚለውን "አያችሁ" አድርጊው። መቼ ያልቃል?

ሲያልቅ፣ አልኩ በሆዴ። በአፌ እሺ አልኩ።

ይህን ሥራ ለማታውቁ... ጽሑፍ ኮፒ አድርጋችሁ ኮንትሮልና ቪ ስትጫኑ ሁሉም ነገር ነው የሚመጣው። ቀለሙ፣ ፎንቱ፣ ጀርባው፣ ቃሉ ከነጓዙ። ያ እንዳይመጣ መሐል ላይ ሺፍትን ትጨምራላችሁ። ያን ጊዜ ቃሉ ብቻ ይመጣል። እርቃኑን።

ልዩነቱ አንዲት ቁልፍ ናት። ያቺን ቁልፍ ያዙልኝ።

ጋሽ መቼ መጠበቅ አይችልም። ጠዋት ስገባ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ራሱ ለጥፎታል። ያለ ሺፍት። አረንጓዴው ከነቢጫው ስሙ ሥር ተዘርግቷል።

ይሄ ቆሻሻ ምንድነው አለኝ፣ አጽጂው አለኝ። ከዚያ...

እህ... እህ።

ሁለቴ። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ። ጎንበስ ብሎ።

ጉንፋን ነው አልኩ።

ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ዘጋ። ስክሪኑ ዓይኔን ወጋኝ አለ።

ጉንፋን ነው፣ አልኩ አሁንም።

ከሥራ ሲወጣ ጥበቃው እንደ ልማዱ ብድግ አለ። ኮፍያውን አወለቀ። አንገቱን ሰበር አድርጎ፦

"ደህና አምሺ።"

ጋሽ መቼ ቆመ። ጥበቃው ፊቱ ተለዋወጠ። ደህና ያምሹ ለማለት ነው ጌታዬ፣ ምላሴ ነው፣ አለ። ከዚያ ሁላችንም እስክንወጣ ድረስ ለራሱ "ያምሹ፣ ያምሹ" ሲል ሰማሁት። እንደ ተማሪ።

በነጋታው ዲዛይነሩ ሁለት የሽፋን ሥዕል ይዞ መስታወቷ ክፍል ገባ። ሲወጣ ከንፈሩ ደርቋል።

"'የትኛው ይሻልሻል?' አልኩት" አለኝ በሹክሹክታ።

"ለእሱ?"

"ለእሱ። አፈጠጠብኝ። የሚገርምሽ እሱ አይደለም..." ዞር ብሎ አየ። "ትክክል ነበር የመሰለኝ።"

እኔ ሥራዬን ሠራሁ። ምዕራፉን መርጬ ፎርማት አጥፋ የሚለውን ነካሁት። አረንጓዴው ሄደ። ጥቁር በነጭ ሆነ።

ከመስታወቱ ወዲያ መጋረጃው ተከፈተ።

ቀኑን ሙሉ አልሳለም። ማታ ጥበቃው ደህና ያምሹ አለው፤ አልተሳሳተም።

አረንጓዴው የነበረበትን ገጽ አየሁ፤ ከዚያ እሱን።

እኔ ግን ነገር ሳላረጋግጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። በማግስቱ ዲዛይነሩን ጠራሁት።

"እዚህ ቁም። እሱን ብቻ እያየህ ቆይ።"

"ምን ልይ?"

"ዝም ብለህ እይ።"

ስለ በረዶ የሚለውን አንቀጽ ከቅጠል ዶክመንት ኮፒ አደረግሁ። ኮንትሮል። ቪ። አረንጓዴ መጣ።

"እጁን ደረቱ ላይ አደረገ" አለ ዲዛይነሩ።

መለስኩት። አረንጓዴው ጠፋ።

"አወረደው።"

ደገምኩ። አረንጓዴ።

"አሁን ደግሞ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ..."



ጋሽ መቼ መላጣ ነው።

"አጥፊው" አለኝ።

"እያጠፋሁ ነው።"

"በእናትሽ፣ አሁን አጥፊው።"

አጠፋሁት። ዲዛይነሩ ቦርሳውን አንስቶ ሆዴን አሞኛል ብሎ ወጣ። እስከ ዛሬ ያችን ቀን ሲያነሱበት ወሬ ይቀይራል።

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ምዕራፍ በሺፍት አመጣሁ። ቃል በቃል፣ ንጹሕ አድርጌ። ለጋሽ መቼ ብዬ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ደግሞም ሰው ነው አልኩ። ክፉ ቢሆንም ሰው ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል የቅጠል እህት መጣች።

ልጅቷን ይዛ ነበር። ጠዋት ነው። እህትየዋ ብዙ አልጠየቀችም፤ የእህቴ ስም ሽፋኑ ላይ ይሁንልኝ፣ ሌላ አንፈልግም፣ ልጅቷ ስታድግ የምታሳየው ነገር ይኑራት አለች። ጋሽ መቼ ቁጭ በይ እንኳን አላላትም። በሥራ ሰዓት የተጻፈ የቢሮው ነው አላት። እሷ የተወችው ረቂቅ ነው፣ መጽሐፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ አላት።

ልጅቷ እስከዚያ የእናቷን ወንበር ታሽከረክር ነበር። አቆመች።

"እማ ለእኔ ነው የጻፈችልኝ። 'አየሽ' የምትለው እኔን ነው።"

ጋሽ መቼ ሰዓቱን አየ።

"አሁን 'አያችሁ' ሆኗል።"

እንዲህ ነው ያላት። ለልጅ።

አክስቷ እጇን ይዛ አወጣቻት። የጫማዋ ማሰሪያ ተፈቶ ነበር። ማንም አላየላትም። እየረገጠችው፣ እየተደናቀፈች ወጣች።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። ከሰዓት በኋላ ይላካል አለ። አንዴ ደግመሽ እይው፣ የእሷ የሆነ ምንም ነገር እንዳይቀርበት አለ።

"እኔ የምፈልገው ቃሉን ብቻ ነው" አለ።

"ቃሉን ብቻ?"

"ቃሉን ብቻ። መቼ ያልቃል?"

"አሁን" አልኩት።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። ሁሉም ወጣ። እሱ ምሳ አይወጣም፤ መስታወቷ ውስጥ ስልኩን እየነካካ ቀረ።

የቅጠልን ዶክመንት ከፈትኩ። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው መረጥኩ። ኮፒ።

ወደ አዲሱ ሄድኩ። ያለውን ሁሉ አጠፋሁ። ስሙንም።

ባዶ ነጭ ገጽ... ጠቋሚዋ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ኮንትሮል።

ጣቴ ሺፍት ላይ አረፈች።

የልጅቷ ሹራብ የእናቷ ወንበር ላይ ተረስቷል። አየሁት።

ጣቴን አነሳሁ።

ቪ።

ተሳስታ ነው የሚል እንዳይኖር። አልተሳሳትኩም።

ስክሪኑ ከላይ ወደ ታች አረንጓዴ ለበሰ። ገጽ በገጽ። "አየሽ..." "አየሽ..." "አየሽ..."

ሳል ጠበቅሁ። ሳል የለም።

ስልኩ ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ማንም አላነሳውም።

ከዚያ ወንበር ተጎተተ... በሩ ተከፈተ... ወጣች።

ወጣ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ አጠፋሁት። አይወጣልኝም።

ወጣች። ያው ሱፍ፣ ያው ክራባት፣ ያው መላጣ። መዳፏ ደረቷ ላይ። ወለሉ ላይ በቀስታ እየረገጠች መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። እዚያ ወንበር ላይ። ስክሪኑን አደበዘዘችው። "ደራሲ" ከሚለው አጠገብ ስም ጻፈች፤ የቅጠልን እውነተኛ ስም፣ ከነአባቷ። አንድ ፊደል ተሳስታ፣ የምላሷን ጫፍ አውጥታ፣ መልሳ አስተካከለች።

ለማተሚያ ቤቱ ላከችው።



በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት፤ ሹራቧን ልትወስድ። አክስቷ ከኋላዋ።

"ይቅርታ፣ ረስተን..." አለች አክስትየዋ። ከዚያ ከጎኔ የተቀመጠችውን አየች። እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ትናንት፦

"ሳሉ ተሻለሽ?"

ብላ አፏን በሁለት እጇ ያዘችው።

ልጅቷ አልደነገጠችም። ማሰሪያዋን እየጎተተች ቀረበች። ጫማዋን ወደ ፊት አደረገች። እንደ ድሮው።

እሷም ተንበረከከች። የሱፉ ጉልበት መሬት ነካ።

"አየሽ..." አለች።

ድምፁ የእሱ ነው። ወፍራም። የቃሉ አያያዝ ግን...

"አየሽ፣ አንዴ ከቋጠርሽው ይፈታል።"

ሁለቴ ቋጠረች። ጫፎቹን ወደ ውስጥ ከተተች። በአውራ ጣቷ መታ አደረገችው።

ልጅቷ እጇን መላጣው ላይ አሳረፈች። ዳበሰችው። በጣም በዝግታ፦

"እማ?" አለች።

ፊቱ ፈገግ አለ። የቅጠል ፈገግታ ነው፣ ከጎን አውቀዋለሁ። ዓይኖቹ ግን...

ዓይኖቹ ፈገግ አላሉም። ልጅቷንም አያዩም። እኔን ነው የሚያዩት። እንባ ሞልቶባቸው፣ በተዘጋ መስኮት ውስጥ እንዳለ ሰው።

ያን ጊዜ ስክሪኔ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ከመጨረሻው አረንጓዴ መስመር ሥር ጥቁር ፊደል እየተጻፈ ነው። ተራ ፊደል፣ ቀለምም ጀርባም የሌለው። ኪቦርድ የነካ ሰው የለም። የእሷ ሁለት እጆች ማሰሪያው ላይ ናቸው።

"መቼ ያልቃል?"

የለጠፍኩትን መመለስ እችል ነበር። አንድ ጊዜ መንካት ነው የሚፈልገው። ጣቴ እዚያው አጠገብ ነበረች።

የልጅቷን ጫማ አየሁ። ጥሩ ታስሯል።

እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ።

ፊደሎቹ ከፊት ጀምረው አረንጓዴ ሆኑ። አንድ በአንድ... ቀስ እያሉ።

መጽሐፉ ታትሞ ወጥቷል። ስሟ ሽፋኑ ላይ ነው። እሷም በየቀኑ ቢሮ ትገባለች፤ ጥበቃው "ደህና አደርሽ" ይላታል፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም።

ማሽኑ ቆመ። ልብሱን ላውጣ።

ዶክመንቱን አላጠፋሁትም። አንዳንዴ በምሳ ሰዓት እከፍተዋለሁ። ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ እስከ መጨረሻው ቃል።

የጥያቄ ምልክቷ ብቻ ዛሬም ጥቁር ናት።