የጣፋጩ ውሃ ቅምሻ

በዛርጌ መንግሥት በአንድ ክረምት ሰባት ሕፃናት ስማቸውን ረሱ። ድዳቸው ጠቆረ፤ ጉልበታቸው ከዳቸው። የቤተ መንግሥቱ ኮከብ ቆጣሪዎች «የኮከብ ጣጣ ነው» አሉ። ኮከብን ምን አገባው! ጥፋቱ ከጉድጓዱ ነበር።

የዛርጌ ሰው በጉድጓዱ ውሃ ጣፋጭነት ይኮራል፤ ለአራስ ልጅ እንኳ እንደ ማር ያልሰዋል። ከምድር ሥር የተኛው ዘንዶ ግርዝማ የእርሳስ ቅርፊቱን ውሃው ውስጥ እንደሚያራግፍ፣ ጥፍጥናውም መርዝ እንደሆነ የሚያውቁት ንጉሥ ዳምሮስና ጥቂት ሎሌዎቹ ብቻ ነበሩ። ዳምሮስ ከቅርፊቱ ጋሻ ያስቀጠቅጣል፤ ራሱ ግን የዝናብ ውሃ ይጠጣል። ድንቄም ንጉሥ!

ውሃ ቀጂዋ ናርዳ፣ የስድስት ዓመት እህቷ ሲሊማ መንተባተብ ስትጀምር «ይህን ያደረገውን ሳላጋልጥ ብቀር የአባቴ ልጅ አይደለሁም!» ብላ ማለች። ውሃውን ጠርጥራ፣ በቁፋሮ ጊዜ ከሥር የዘንዶ ትንፋሽ የሰማውን ሽማግሌ ጉድጓድ ቆፋሪ ሸምሩን ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ በገመድ ወረደች።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ» አለ ሸምሩ እያለከለከ። «እኛ ግን ዘንዶውኑ ፈልገን ወረድን።»

በሦስተኛው ቀን ደረሱበት። ግርዝማ ተኝቷል፤ በጎኑ የንጉሡ ማኅተም ያለባቸው ቅርጫቶች በቅርፊት ተሞልተው ተደርድረዋል።

«ጋሼ፣ ብንወጋውስ?»

«ልጄ፣ ይህን የሚገድል ሠራዊት ነው። ሠራዊቱ ደግሞ የንጉሡ ነው።»

ናርዳ ከዘንዶው ሆድ ሥር ያቆረውን ውሃ በቅል ሞላች።

በዛርጌ ሕግ ውሃ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ይቀምሳል። እሱ ከቀመሰ በኋላ እምቢ ያለ ሰው፣ መርዙን ያውቃል ማለት ነው። ናርዳ ንጉሡ ግብር በሚያበላበት ቀን በጋሻ ጃግሬዎቹ ሁሉ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ! ከሚኮሩበት ጉድጓድ የተቀዳ ነው። ይኸው ቀምሻለሁ!»

አንድ ጉንጭ ይበቃ ነበር። እሷ ግን ማንም እንዳይጠራጠር ሦስት እፍኝ ጨለጠች። ሸምሩ እጇን ሊይዝ ሮጠ፤ አልደረሰባትም።

ንጉሡን ላብ አጠመቀው። «አልጠማኝም» አለ።

«አልጠማኝም?» ሲል ጮኸ የጋሻ ጃግሬዎቹ አለቃ ቆርዛ፤ ልጁን ከቀበረ ወር አልሞላውም። «ልጄን ግን ጠምቶት ነበር!» ጋሻውን ንጉሡ እግር ሥር ወረወረው። ሌሎቹም ተከተሉት።

ዳምሮስ በሰንሰለት ታሰረ። ሠራዊቱ ወርዶ ከአምስት ቀን ውጊያ በኋላ ግርዝማን ገደለ፤ ጉድጓዱም ተደፈነ። ሕዝቡ ከሩቅ ወንዝ መቅዳት ጀመረ፤ የሲሊማ ምላስም ቀስ በቀስ ተፈታ።

የናርዳ ግን ታሰረ። መርዙ ነፍሷን ባይወስድም ትዝታዋን በላው። መንገደኛ ወንዝ ዳር አግኝቶ ስሟን ሲጠይቃት ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ሲሊማ እንስራዋን አውርዳ፣ በቁጣ፣ አገር እስኪሰማ ትጮኻለች፦

«ናርዳ ናት! ናርዳ!»